ተዝካር የሌለው ኀዘን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ የምንናገረው ስለ ኀዘንና ስለ ኑሮ መለወጥ ነው። ስለ ኀዘን መናገር ቀላል ነገር አይደለም፤ ያላዘነ ሰው ሲሰማው ነገሩ ይረዝምበታል፤ ያዘነ ሰው ሲሰማው ደግሞ ቃሉ ሁሉ ያንስበታል። ይሁን እንጂ ከሰው ወገን ኀዘን የማይደርስበት ስለሌለ፥ ነገሩን አስቀድሞ ማወቅ ለሁሉም ይጠቅማል።

ነገራችንንም ከሩቅ ዘመን ሳይሆን ሁላችን ከምናስታውሰው ዓመት እንጀምራለን። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት 4 ቀን ኮሮና የተባለው ተላላፊ በሽታ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። በዚያው ወር መጨረሻም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጆ ሰው በብዛት እንዳይሰበሰብ ተከለከለ። ክልከላው የሰውን ሕይወት ለመጠበቅ የተደረገ ስለሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ዳሩ ግን የለቅሶን ቤት ባዶ አደረገው። የእድሩ ድንኳን ሳይተከል፥ ጎረቤት ሳይሰበሰብ፥ ወንድምና እኅት ከሩቅ አገር ሳይደርሱ፥ ጥቂት ሰዎች ብቻ አስከሬን አጅበው ወደ መካነ መቃብር ሲሄዱ አይተናል። በዚያው ዓመት ሱቁን የዘጋ፥ ከሥራው የተሰናበተ፥ ከዐረብ አገር ባዶ እጁን የተመለሰ ብዙ ነበረ። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት ተነሥቶ፥ አያሌ ሰው ልጁን ቀበረ፤ አያሌ ሰውም ቀዬውን ጥሎ ተሰደደ። አንድ ኀዘን ሳይወጣ ሌላው በላዩ የተጨመረበት ዘመን ነበረ።

በዚያ ጊዜ ከንስሐ ልጆቻችን መካከል በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ባለቤታቸው ሞተባቸው። ቤቱ የኪራይ ነበረ፤ ኪራዩም የሚከፈለው በሟቹ ገቢ ነበረ። ስለዚህ አርባው እንደ ወጣ፥ ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖሩበትን ቤት ለቀው በሌላ ሰፈር ከምትኖር ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ከጥቂት ወራት በኋላ ልንጠይቃቸው ሄድን። ፊታቸው ጠቁሮ፥ ሰውነታቸው ከስቶ ስናያቸው፥ ያጽናናናቸው መስሎን፥ «እናቴ፥ ተዝካሩም ወጥቷል፤ እግዚአብሔር የወሰደውን ማን ይመልሳል? እንግዲህ ኀዘኑ ይብቃዎ» አልናቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ አሉን፦ «አባቴ፥ ለባሌ ሣልስቱንም አርባውንም ቆጥራችሁልኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቤቴን፥ ጎረቤቶቼን፥ ቡና የምጠራበትን ደጃፌን ግን ማን ይቁጠርልኝ? የዚህስ ተዝካሩ መቼ ይወጣል?»

መልስ አልነበረንም። የምናውቀውን ጸሎት አድርሰን፥ ባርከን ወጣን፤ በመንገድ ላይም በገዛ ቃላችን አፈርን። የዛሬውን ትምህርት የወለደው የኒያ እናት ጥያቄ ነው። መልሱንም ለማግኘት አስቀድመን ቤተ ክርስቲያን ለሟች የምትቆጥራቸው ቀኖች በሕይወት ለቀረው ምን እንደሚያደርጉለት እናስተውል።

ቤተ ክርስቲያናችን ለሞተ ሰው ጸሎትና መታሰቢያ የምታደርግባቸው ቀኖች የታወቁ ናቸው፤ እነርሱም ሣልስት፥ ሳብዕት፥ 12ኛው ቀን፥ 30ኛው፥ 40ኛው፥ 80ኛው፥ ከዚያም መንፈቅና ሙት ዓመት ናቸው። ሣልስቱ ጌታችን በ3ኛው ቀን ከሙታን መካከል መነሣቱን፥ አርባውም በ40ኛው ቀን ወደ ሰማይ ማረጉን ያሳስበናል። በብሉይ ኪዳንም ዮሴፍ ለአባቱ ለያዕቆብ 7 ቀን ልቅሶ እንዳደረገ፥ የእስራኤልም ልጆች ለአሮንና ለሙሴ ለየብቻቸው 30 ቀን እንዳለቀሱ እናነባለን። እንግዲህ ለኀዘን ቀን መቁጠር ትናንት የተጀመረ ልማድ አይደለም።

እነዚህ ቀኖች አስቀድሞ ለሟቹ ነፍስ የሚጸለይባቸው ናቸው። ነገር ግን አቀማመጣቸውን ያስተዋለ ሰው ለቋሚውም መድኃኒት እንደ ሆኑ ያያል። በመጀመሪያ ቅርብ ለቅርብ ናቸው፤ ያዘነው ሰው ገና አንዱን ቀን ሳይረሳ ሌላው ይደርሳል፤ ካህኑ ይመጣል፤ ዘመድ ይሰበሰባል። ከአርባው በኋላ ግን እየተራራቁ ይሄዳሉ፤ ወደ ሰማንያው፥ ወደ መንፈቁ፥ ወደ ዓመቱ። ሕፃን መራመድ ሲጀምር እናቱ በመጀመሪያ ሁለቱንም እጁን ትይዛለች፤ ቀጥሎ አንዱን ትለቃለች፤ በመጨረሻ ግን ከፊቱ ሆና ና ትለዋለች። የቤተ ክርስቲያንም ቆጠራ እንደዚሁ ነው። ያዘነውን ሰው በአንድ ቀን ተነሥ አትለውም፤ ተቀምጠህም ቅር አትለውም። ደረጃ በደረጃ ከአልጋው ወደ ደጁ፥ ከደጁም ወደ ሥራው ታወጣዋለች።

አንዳንድ ሰዎች ማልቀስ የእምነት ጉድለት ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። ጌታችን ወደ ቢታንያ በመጣ ጊዜ አልዓዛር ከተቀበረ 4 ቀን ሆኖት ነበረ። ጌታም እንደሚያስነሣው ያውቅ ነበረ፤ ለደቀ መዛሙርቱም አስቀድሞ ነግሯቸው ነበረ። ይህን እያወቀ ግን ማርያም ስታለቅስ ባየ ጊዜ አለቀሰ። ትንሣኤን በእጁ የያዘው አምላክ በመቃብር ደጃፍ ካለቀሰ፥ ትንሣኤን በተስፋ የምንጠብቅ እኛ ብናለቅስ ምን ነቀፋ አለብን? ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች ሆነው እንዳያዝኑ መከራቸው እንጂ ፈጽመው እንዳያዝኑ አልከለከላቸውም። የተከለከለው ሌላ ነው፤ ፊትን መንጨት፥ አካልን ማቁሰል፥ በእግዚአብሔር ላይ የስድብን ቃል መናገር ነው። እንባ ግን ከፈጣሪ የተሰጠ የልብ ማጠቢያ ነው።

እንግዲህ ወደ ኒያ እናት ጥያቄ እንመለስ። የሞተ ሰው ስም አለው፤ መቃብር አለው፤ ቀን ይቆጠርለታል። ነገር ግን ሰው ሳይሞት የሚሞት ነገር አለ። ለብዙ ዓመት የያዘውን ሥራ ያጣ ሰው፥ ትዳሩ የፈረሰበት፥ ከተወለደበት ቀዬ የተፈናቀለ፥ በሽታ ዐይኑን ወይም እግሩን የነሣው፥ ልጆቹ ሁሉ ወደ ባዕድ አገር ሄደውበት ቤቱ ጭር ያለበት፥ እነዚህ ሁሉ አንድ ነገር ቀብረዋል። ድንኳን ግን አልተተከለላቸውም፤ እዝን የሚያመጣ ጎረቤትም አልመጣላቸውም። እንዲያውም ሰው ሁሉ «አንተስ ነፍስህ ተርፏል፤ ተመስገን በል» ይላቸዋል። እነርሱም ማዘናቸው እንደ ኀጢአት ሆኖ ስለሚታያቸው፥ ኀዘናቸውን ከሰው ይሰውሩታል። የተሰወረ ኀዘን ደግሞ እንደ ተዳፈነ እሳት ነው፤ ከላይ ዐመድ ቢመስልም ከውስጥ ያቃጥላል። ይህን ነው ተዝካር የሌለው ኀዘን ያልነው።

ይህን ኀዘን መጻሕፍት አልዘነጉትም። በመጽሐፈ ሩት የተጻፈውን የኑኃሚንን ታሪክ እንመልከት። በቤተ ልሔም ረኃብ ሆነና ኑኃሚን ከባልዋና ከሁለት ወንዶች ልጆችዋ ጋራ ወደ ሞዓብ ተሰደደች። በዚያም ባልዋ ሞተ፤ 10 ዓመት ያህል ከተቀመጡ በኋላም ሁለቱ ልጆችዋ ሞቱ። እንግዲህ ኑኃሚን ያጣችው የሞቱትን ሦስቱን ብቻ አይደለም፤ አገርዋን፥ ርስትዋን፥ በሰው ዘንድ የነበራትንም ክብር አጥታለች። ወደ ቤተ ልሔም በተመለሰች ጊዜም ሴቶቹ ይህች ኑኃሚን ናትን ተባባሉ። የስሟ ትርጓሜ ደስታ የሚል ነውና፥ እርስዋ በዚያ ስም እንዳይጠሯት፥ ይልቁንም መራራ በሚል ትርጓሜ ማራ ብለው እንዲጠሯት ነገረቻቸው።

በዚህ ስፍራ ሁለት ነገር እናስተውል። መጀመሪያው፥ ኑኃሚን መራራውን ነገር መራራ ብላ በሰው ፊት ተናገረች፤ አልሸሸገችም፤ መጽሐፉም ስለዚህ አልነቀፋትም። ሁለተኛው፥ መጽናናትዋ የጀመረው በታላቅ ተአምር አይደለም። ወደ ቤተ ልሔም የደረሱት የገብስ መከር በተጀመረበት ወራት ነበረ፤ ምራትዋ ሩትም ከአጫጆች ኋላ እየተከተለች ለመቃረም ወጣች። በዚያ ቀን ማታ የቃረመችውን ገብስ ተሸክማ ገባች፤ ከምሳዋ የተረፋትንም ለአማትዋ ሰጠቻት። ከዚያ በኋላ ሩት ቦዔዝን ማግባቷ፥ ኢዮቤድንም መውለዷ፥ ከኢዮቤድም ዘር ንጉሥ ዳዊት መገኘቱ የታወቀ ነው። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ግን ከአንድ ቀን ቃርሚያና ከአንዲት ሴት አብሮ መቆም ነው። ባልዋና ልጆችዋ ተመልሰው አልተነሡላትም፤ በቀረው ኑሮዋ ውስጥ ግን እግዚአብሔር ሥራ ነበረው።

ሁለተኛም ነቢዩ ኤልያስን እናስታውስ፤ ታሪኩ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በምዕራፍ 19 ተጽፏል። ያ ታላቅ ነቢይ ኤልዛቤል ልትገድለው በዛተች ጊዜ ወደ ምድረ በዳ ሸሸ፤ ከክትክታ ዛፍ በታችም ተቀምጦ እንዲሞት ለመነ፤ ከዚያም ተኛ። እግዚአብሔር መልአኩን ሲልክለት መልአኩ የተግሣጽ ቃል አልተናገረውም። ቀስቅሶ እንዲበላ አዘዘው፤ በራሱም አጠገብ በፍም የተጋገረ እንጎቻና ውኃ አገኘ። በልቶ እንደ ገና ተኛ፤ መልአኩም ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው። ከዚህ በኋላ ነው 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጕዞ ወደ ኮሬብ የደረሰው፤ የእግዚአብሔርንም ቃል የሰማው በዚያ ነው። አስቀድሞ እንጀራና እንቅልፍ፥ ቀጥሎ መንገድ፥ በመጨረሻ ምክር። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሥርዓት ገልብጠን፥ ላልበላና ላልተኛ ሰው በምክር እንጀምራለን።

እንግዲህ ኀዘን ወይም የኑሮ መለወጥ የደረሰበት ሰው ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ያጣውን ነገር በስሙ ይጥራው። ለንስሐ አባቱ ወይም ለሚያምነው ወዳጁ፥ «ሥራዬን አጣሁ፤ ከሥራዬም ጋራ መከበሬን አጣሁ፤ ስለዚህ አዝናለሁ» ብሎ በግልጽ ይናገር። በእግዚአብሔርም ፊት በጸሎት እንዲሁ ይናገር። ጻድቁ ኢዮብ ሀብቱንና ልጆቹን ባጣ ጊዜ እግዚአብሔርን አመስግኗል፤ ኋላ ግን የተወለደበትን ቀን እስኪረግም ድረስ ምሬቱን አሰምቷል። ሁለቱም ቃል ከአንድ ጻድቅ አፍ ወጥቷል።

ሁለተኛ፥ አስገዳጅ ነገር ካልደረሰበት በቀር፥ ኀዘኑ ትኩስ በሆነበት ወራት ትልቅ ነገር አይቁረጥ። ቤቱን ለመሸጥ፥ አገር ለመልቀቅ፥ ከወንድሙ ጋራ ርስት ለመካፈል፥ ትዳር ለመፍታት ወይም ለመያዝ አይቸኩል። ቢያንስ አርባው ይውጣ፤ ቢቻል መንፈቁ ይለፍ። በጎርፍ ጊዜ ወንዝ የሚሻገር ሰው የለም፤ ውኃው እስኪጎድል በዳር ይቆያል። የዘገየ ውሳኔ ሊታረም ይችላል፤ በእንባ መካከል የተፈረመ ወረቀት ግን ብዙ ቤት አፍርሷል።

ሦስተኛ፥ በእጁ የቀረውን ትንሽ ሥራ ይያዝ። ስለዚህ ነገር ከአገራችን ታሪክ አንድ ምሳሌ እናንሣ። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ በኢትዮጵያ ሆነ። የረኃቡም ምክንያት ድርቅና አንበጣ ብቻ አልነበረም፤ ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ገብቶ የአገሪቱን በሬና ላም አብዛኛውን ጨርሶት ነበረ። በበሬ ያርስ የነበረ ገበሬ በሬው ሲያልቅበት መሬቱም እንደ ሞተች ቆጠረ። በዚያን ጊዜ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ሕዝቡ ተስፋ እንዳይቆርጥ በእጁ እየቆፈረ እንዲዘራ አዘዙ፤ እርሳቸውም ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቆፈሩ በታሪክ ተጽፏል። ዶማ የበሬን ያህል አያርስም፤ ይህ የታወቀ ነው። ነገር ግን በዶማ የተቆፈረች አንዲት መደብ ለከርሞ ዘር ታተርፋለች። ያዘነም ሰው እንደዚሁ ነው፤ ትናንት በሁለት በሬ ያርስ የነበረ ዛሬ በዶማ ቢቆፍር ማነሱ አይደለም። ደጁን ይጥረግ፤ አትክልቱን ይኮትኩት፤ በማለዳ ተነሥቶ ኪዳን ያድርስ። ቀኑ መልክ ሲይዝ ልብም ቀስ በቀስ መልክ ይይዛል።

አራተኛ፥ ኀዘኑ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ከሐኪም አይሽሽ። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪም ከእግዚአብሔር የተፈጠረ ስለሆነ ሊከበር እንደሚገባው ተነግሯል፤ በዚያው ምዕራፍ ደግሞ ለሞተ ሰው በሚገባ ማልቀስ እንደሚገባ፥ ከዚያ በኋላ ግን ልብን ለኀዘን አሳልፎ መስጠት እንደማይገባ ተነግሯል። የሕክምናና የኀዘን ነገር በአንድ ምዕራፍ መጻፉን ልብ በሉ። ስለዚህ ያዘነ ሰው ለብዙ ሳምንት እህል አልወርድ፥ እንቅልፍ አልመጣ ካለው፥ ይልቁንም ነፍሱን ለማጥፋት የሚያስብ እንደ ሆነ፥ ቤተ ሰቡ ለብቻው አይተዉት፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ጠበል መጠመቅና ሐኪም ማየት እርስ በርሳቸው አይጣሉም። ሁለቱንም የሰጠ አንድ አምላክ ነው።

ይህ ለያዘነው የተነገረ ነው። ለጎረቤትና ለዘመድ ደግሞ የምንለው አለን። የኢዮብ ሦስት ወዳጆች በመጡ ጊዜ 7 ቀንና 7 ሌሊት ምንም ቃል ሳይናገሩ ከእርሱ ጋራ በምድር ላይ ተቀመጡ፤ ከሥራቸው ሁሉ የተመሰገነው ይህ ነው። የሳቱት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው። ስለዚህ ወደ ያዘነ ሰው ስትሄዱ የምትናገሩት ቃል ቢጠፋችሁ አትጨነቁ፤ መቀመጣችሁ ይበቃል። ደግሞም ሰው ሁሉ በሚሄድበት ቀን ብቻ አትሂዱ። ድንኳኑ ሲፈርስ፥ ወንበሩና ድስቱ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ሲመለስ፥ ያ ቤት ጭር ይላል፤ የእናንተ መምጣት እጅግ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው። ሥራውን ላጣ፥ ትዳሩ ለፈረሰበት፥ ተፈናቅሎ በሰፈራችሁ ለተቀመጠም ሰው ልክ እንደ ለቅሶ ቤት እንጀራችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ ምን ሆኖ ተቸገረ ብላችሁ አትመርምሩ፤ ቀኑንም ቁጠሩለት። ካህናት ወንድሞቻችንም ሆይ፤ እኛ እንደ ሳትን እንዳትስቱ «ይብቃህ» የሚለውን ቃል ለመናገር አትፍጠኑ። የሚበቃበትን ጊዜ የሚያውቀው ልብን የፈጠረ ነው።

በመጨረሻ ኒያ እናት እንዴት ሆኑ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። የባለቤታቸው ሙት ዓመት በደረሰ ጊዜ ከጸሎቱ በኋላ ወደ ልጃቸው ቤት ሄድን፤ ከቀድሞው ሰፈራቸውም ሦስት ጎረቤቶቻቸውን ይዘን ገባን። በዚያ ቀን አልመከርናቸውም። ስለ ቀድሞው ቤታቸው እንዲነግሩን ለመንናቸው እንጂ። እርሳቸውም ስለ ደጃፉ፥ ስለ ጓሮው ጤና አዳም፥ በዚያ ቤት ስላሳደጓቸው ልጆች፥ እያለቀሱም እየሣቁም እስኪመሽ ድረስ ነገሩን። ስንነሣም፥ «አባቴ፥ ዛሬ የቤቴ ተዝካር ወጣ» አሉን። ኀዘናቸው በዚያ ቀን አላለቀም፤ ዛሬም የቀድሞውን ሰፈር ሲያነሡ ዐይናቸው እንባ ያቀርራል። ነገር ግን በአዲሱ ሰፈር ደጃፍ ላይ ቡና መጥራት ጀምረዋል፤ ለሰንበቴውም ተራቸው ሲደርስ ዳቦውን የሚጋግሩት እርሳቸው ናቸው።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ያለፈው ዓመት የወሰደባችሁን እግዚአብሔር ያውቃል፤ የሰው ልጅ ያልቆጠረላችሁን እርሱ ቆጥሮታል። የሞቱትን በአብርሃም፥ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። በሕይወት ለቀረን ደግሞ የምንቆምበትን ጕልበት፥ የምንይዘውን ሥራ፥ አብሮን የሚቀመጥ ሰው አያሳጣን። እኛንም ለሌላው አብሮ የሚቀመጥ ሰው ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።